የነዳጅ ኩባንያው ወደ ነፋስ ሲዞር፦ የዴንማርኩ ዶንግ ጉዳይ

ዶንግ የሚባል የዴንማርክ መንግሥት የነዳጅና የጋዝ ኩባንያ ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ ኩባንያ የለም። ስሙን ኦርስቴድ ብሎ ለውጧል፤ ባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን በመትከል ደግሞ ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። ስለ ነዳጅ ኢንዱስትሪና ስለ ንጹሕ ኃይል በተነሳ ቁጥር ምሳሌ ሆኖ ይጠራል። «ዶንግ ከቻለ ሼልን ምን ያዘው? ቢፒንስ?» ይባላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚነገረን ቀላል አይደለም። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ላየው ዕዳ አለበት፣ የፖለቲካ ቀውስ አለበት፣ የጋዝ ዋጋ መውደቅ አለበት። ከሁሉም በላይ ለዓመታት የታገሰ ባለቤት አለበት። ብዙዎች ዘለው የሚያልፉት ነገርም አለ፤ ኩባንያው ከነዳጅ ወጣ እንጂ ነዳጁ መውጣቱን አላቆመም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ በተለይ ይሄ የመጨረሻው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከድንጋጤ የተወለደ ኩባንያ

የዴንማርክ መንግሥት ኩባንያውን ያቋቋመው በ1972 ነው። በዓመቱ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። ያኔ ዴንማርክ ከምትጠቀመው ኃይል 90 በመቶ ያህሉ ከነዳጅ የሚገኝ ነበር። ነዳጁም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚገባ። መንግሥት ከኅዳር 1973 ጀምሮ እሁድ እሁድ መኪና መንዳት ከለከለ። አውራ ጎዳናው ለብስክሌትና ለእግረኛ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የኃይል ጉዳይ ለዴንማርክ የህልውና ጉዳይ ሆነ።

በሰሜን ባሕር ሥር ያለውን ጋዝ ለአገሩ ማዳረስ የዶንግ ኃላፊነት ነበር። ቧንቧ ዘረጋ። በ1984 የዴንማርክ ጋዝ ወደ የብስ መፍሰስ ጀመረ። ቀስ በቀስም በኖርዌይና በእንግሊዝ የባሕር ክልል ውስጥ ባሉ የነዳጅና የጋዝ ቦታዎች ድርሻ ገዛ። ለረጅም ጊዜ እንደማንኛውም የመንግሥት ጋዝ ኩባንያ ነበር።

ነገሩ መልኩን የቀየረው በ2006 ነው። ዶንግ ከ5 የዴንማርክ ኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ጋር ተዋሃደ። ዓላማው ነፋስ አልነበረም። የአውሮፓ የኤሌክትሪክና የጋዝ ገበያ ለውድድር ሲከፈት በጀርመንና በስዊድን ግዙፎች ላለመዋጥ ነው። ነፋስ በዚህ በር ገባ። ከተዋሃዱት ኩባንያዎች የአንዱ ቀደምት በ1991 ሎላንድ ከተባለችው ደሴት ዳርቻ ቪንደቢን ተክሎ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ጣቢያ ነው። 11 ተርባይን፣ እያንዳንዱ 450 ኪሎ ዋት፣ ሁሉም ተደምሮ 5 ሜጋ ዋት ገደማ። ዛሬ አንድ ተርባይን ብቻውን ከዚያ በላይ ያመነጫል።

ከነፋሱ ጋር ከሰልም መጣ። ያውም በገፍ። አዲሱ ኩባንያ በ2006 ብቻ 6.2 ሚሊዮን ቶን የድንጋይ ከሰል አነደደ። ከመላው ዴንማርክ የካርቦን ልቀት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከጣቢያዎቹ ጭስ ማውጫ የሚወጣ ነበር። ንጹሕ ለመሆን የተነሳ ኩባንያ ብለን ብናስበው እንሳሳታለን።

ሉብሚን እና የለንደኑ ውል

ዶንግ ከሰልን ለመቀነስ አልተጣደፈም፤ ጭራሽ ሊጨምር ነበር። በሰሜን ጀርመን፣ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሉብሚን 1,600 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ ለማቆም አቀደ። የአካባቢው ሰው አልተቀበለውም። ባሕሩ የሚዋኙበት፣ ዓሣ የሚያጠምዱበትና እንግዳ የሚያስተናግዱበት ነው። ተቃውሞው ዓመታት ፈጀ፤ ፖለቲከኞችም ተከፋፈሉ። በ2009 ማብቂያ ላይ ዶንግ ዕቅዱን ጥሎ ወጣ።

የሉብሚን ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባቸውን ቦታ አግኝተው አያውቁም ባይ ነኝ። የኩባንያው አመራር ከሰል ዕድሜው እያጠረ መሆኑን በተግባር ያየው እነሱ በሩን ሲዘጉበት ነው። በዚያው ሰሞን ዋና ሥራ አስፈፃሚው አንደርስ ኤልድሩፕ አንድ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ኩባንያው ያኔ 85 በመቶውን ኤሌክትሪክና ሙቀት የሚያመርተው ከከሰል፣ ከጋዝና ከነዳጅ ነበር፤ 15 በመቶውን ከታዳሽ። ይህን እስከ 2040 እንገለብጠዋለን አሉ። 85ቱ ታዳሽ፣ 15ቱ ሌላው። አንድ ትውልድ የሚፈጅ ነው ተብሎ ነበር። በ2019 ተሳካ፤ ከቀጠሮው 21 ዓመት ቀድሞ።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ ለንደን አሬይ የሚባል ትልቅ የነፋስ ጣቢያ ሊተከል ታቅዶ ነበር። ባለቤቶቹ ሦስት ናቸው፦ የጀርመኑ ኢ.ኦን፣ ዶንግና ሼል። በግንቦት 2008 ሼል ወጣሁ አለ። የብረትና የተርባይን ዋጋ ንሯል፤ ድፍድፍ ነዳጅ ደግሞ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ እየተሸጠ ነው። ለሼል ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ዶንግና ኢ.ኦን የሼልን ድርሻ ገዝተው ቀጠሉ። ጥቂት ቆይቶ የአቡ ዳቢው ማስዳር ገባበት። ጣቢያው በ2013 ሲመረቅ 175 ተርባይንና 630 ሜጋ ዋት ነበረው፤ በጊዜው በዓለም ትልቁ።

ያው አንድ ሥራ ነው፤ ባሕሩም ነፋሱም ያው። አንዱ የነዳጅ ኩባንያ ወጣ፣ ሌላው ቆየ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሼል በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ትርፍ የሚያገባለት ሌላ ሥራ ነበረው። ባለአክሲዮኖቹ ገንዘባችሁን እዚያ አውሉት ይላሉ። ዶንግ ግን በነዳጅ ትንሽ ነበር። በሰሜን ባሕር ከእነ ሼል ጋር ተፎካክሮ የትም እንደማይደርስ ያውቀዋል። ከፍተኛው ባለድርሻው ደግሞ የሩብ ዓመት ትርፍ የሚያሳድደው ገበያ ሳይሆን የዴንማርክ መንግሥት ነው። ትንሽ መሆኑ ጠቀመው።

በ2009 ዶንግ ከሲመንስ ጋር እስከ 500 ተርባይን የሚደርስ ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት ተርባይን የሚተክሉ መርከቦች ያሉትን ኤቱሲ የተባለ ኩባንያ ገዛ። ይሄኛው ብልሃት ነው። ያኔ በዓለም ላይ ይህን ሥራ የሚችሉ መርከቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መርከብ የሌለው ወረፋ ይጠብቃል።

ባሕሩ ላይ ያለው ሥራ

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሥራውን እንየው። የነዳጅ ሰዎች ለምን ለዚህ ሥራ እንደሚመቹ የሚገባን ያኔ ነው።

ዶንግ ከሠራቸው ሁሉ ከሚጠቀሱት አንዱ ሆርንሲ 1 ነው። ከእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ይገባል። ከዚያ ሆኖ የብስ አይታይም። 174 ተርባይን አለው፤ አቅሙ 1,218 ሜጋ ዋት ነው። እያንዳንዱ ተርባይን የሚቆመው ሞኖፓይል በሚሉት አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ላይ ነው። ወርዱ 8 ሜትር ይሆናል፤ ክብደቱ ወደ 800 ቶን ይጠጋል። ጃክ አፕ የሚባለው መርከብ ቱቦውን ይዞ ይሄዳል። ቦታው ሲደርስ የራሱን ረጃጅም የብረት እግሮች ወደ ባሕሩ ወለል ይሰድና ሰውነቱን ከማዕበሉ በላይ ያነሳል። ካልሆነ ክሬኑ ይወዛወዛል። ከዚያ ቱቦው ቀጥ ተደርጎ ይቆምና በግዙፍ መዶሻ ይመታል። ከወለሉ በታች በደንብ እስኪሰምጥ ድረስ።

ከላዩ ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባ ሌላ ቱቦ ይገባል። መሰላሉና መቆሚያ ሰገነቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ከዚያ ምሰሶው፣ ከዚያ ሞተሩ ያለበት ክፍል፣ በመጨረሻ ክንፎቹ፤ አንዱ ክንፍ 75 ሜትር ነው። ለየብስ ቀረብ ባሉ ጣቢያዎች ጠጋኙ የሚመጣው በትንሽ ጀልባ ነው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቢጫው ቱቦ ላይ አስደግፋ ሞተሯን ሳታቆም ትገፋለች። ሰውየው ማዕበሉ ከፍ ሲል ጠብቆ መሰላሉን ይይዛል። ማዕበሉ ከተወሰነ ከፍታ ካለፈ ሥራ የለም።

አሁን ከዚህ ውስጥ ለነዳጅ ሰው አዲስ የሆነው የቱ ነው? ብረት ባሕር ውስጥ መትከል፣ ጨው እንዳይበላው መጠበቅ፣ የአየር ጠባይ እያዩ መርከብ ማሰማራት፣ በባሕሩ ወለል ላይ ኬብልና ቧንቧ መዘርጋት፣ ሰው ሳይሞት ማሠራት፤ ይህ ሁሉ የሰሜን ባሕር የነዳጅ ሠራተኞች ለአሥርተ ዓመታት የሠሩት ነው። ኤስብየርግ የምትባለው የዴንማርክ ወደብ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የነዳጅ መድረኮችን ስንቅና ሰው ስታመላልስ የኖረች ናት። በ2002 ሆርንስ ሬቭ የተባለው የባሕር ነፋስ ጣቢያ 80 ተርባይኖች የወጡት ከዚያችው ወደብ ነው። ነዳጅ ኢንዱስትሪው ለሽግግሩ ያለውን አስተዋጽኦ አሳዩኝ ብባል መጀመሪያ የምጠቁመው ኤስብየርግን ነው።

በነገራችን ላይ የዚህ ሐረግ አንድ ጫፍ እኛም ጋ ደርሷል። የቪንደቢን ተርባይኖች የሠራው ቦነስ የተባለ የዴንማርክ ፋብሪካ ነበር። ሲመንስ በ2004 ገዛው፤ ኋላም ሲመንስ ጋሜሳ ሆነ። በአዳማና በአሰላ መካከል ኢቴያ አካባቢ የሚገኘው 100 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያ 29 ተርባይኖች የዚሁ ኩባንያ ሥራ ናቸው። ገንዘቡም በከፊል በዴንማርክ መንግሥት ድጋፍ የተገኘ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ሙያ ያለ ገንዘብ የትም አያደርስም። ገንዘቡ ደግሞ በብዛት ከራሱ ከነዳጅና ከጋዝ ነው የመጣው። በ2015 እንኳ፣ ኩባንያው በነፋስ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ ከሥራ ማስኬጃ ትርፉ ከግማሽ በላይ የተገኘው ከነዳጅና ጋዝ ክፍሉ ነው። በርሜሉ ተርባይኑን ተከለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምንጭ ሽያጭ ነው። ዶንግ አንድ ጣቢያ ሊሠራ ሲነሳ ግማሹን ለጡረታ ፈንዶችና ለሌሎች ባለሀብቶች ይሸጣል። ሥራውን ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ያስተዳድራል፤ በሽያጩ ገንዘብ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ፎቁን ለመጨረስ ምድር ቤቱን ቀድሞ እንደሚሸጥ ሰው ማለት ነው። የአንሆልት ጣቢያ ግማሽ በ2011 ለሁለት የዴንማርክ የጡረታ ፈንዶች ተሸጠ። በጀርመን ባሕር ካለው ቦርኩም ሪፍግሩንድ 1 ደግሞ የሌጎ መጫወቻ ባለቤት የሆነው ቤተሰብ ኩባንያ 32 በመቶ ገዛ። የጡረታ ፈንድ የሚፈልገው ለ20 ዓመት የማያወላውል ገቢ ነው። መንግሥታት ለባሕር ነፋስ የሰጡት የዋጋ ዋስትና ያንኑ ያስገኛል። ድጎማው ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይታሰብም።

ቢሆንም በ2012 ነገሩ ሊበላሽ ተቃርቦ ነበር። ዶንግ ጋዝ የሚገዛው ዋጋው ከነዳጅ ጋር በተሳሰረ የረጅም ጊዜ ውል ነው። የሚሸጠው ግን በዕለቱ ገበያ። አሜሪካ አለት እየተሰነጠቀ በሚወጣ ጋዝ ስትጥለቀለቅና የአውሮፓ ፍላጎት ሲቀዘቅዝ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚሸጥ ሆነ። ጋዝ የሚያቃጥሉ ጣቢያዎቹም ሥራ ፈቱ። የዓመቱ ኪሳራ ወደ 4 ቢሊዮን ክሮነር (የዴንማርክ ገንዘብ) ደረሰ። የብድር ደረጃው ወረደ። ኤልድሩፕ በመጋቢት ተሰናበቱ። በነሐሴ ሄንሪክ ፖልሰን ተተኩ። ከቴሌኮም የመጡ፣ ቀደም ሲልም ሌጎ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው።

ፖልሰን የማይረባውን እየሸጡ ነፋስ ላይ አተኮሩ። የባሕር ነፋስ ያኔ ውድ ነበር። በ2020 አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት በ100 ዩሮ እናደርሳለን የሚል ግብ አስቀመጡ። በ2016 በኔዘርላንድ የቦርሰለ ጨረታ ዶንግ በ72.70 ዩሮ አሸነፈ። ተርባይኑ አደገ፣ መርከቡ በዛ፣ ሠራተኛው ተለማመደ። አሥር ጣቢያ የሠራ ሰው አሥራ አንደኛውን በርካሽ ይሠራል።

ግን ካፒታል ያስፈልግ ነበር። እዚህ ጋ የአሜሪካው ባንክ የጎልድማን ሳክስ ጣጣ ይመጣል። በ2014 መጀመሪያ መንግሥት ለጎልድማን ሳክስ 18 በመቶ ድርሻ በ8 ቢሊዮን ክሮነር ሸጠ። ሕዝቡ ተቆጣ። የአገር ሀብት በርካሽ ለዎል ስትሪት ተሰጠ ተባለ። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው ተቃውሞውን ፈረመ። ከጥምር መንግሥቱ አንዱ የሶሻሊስት ሕዝቦች ፓርቲ ጥር 30 ቀን ከመንግሥት ወጣ። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ በሰኔ 2016 ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ ዋጋው 98 ቢሊዮን ክሮነር ወጣ። ለጎልድማን ሲሸጥ ከተገመተበት ከእጥፍ በላይ። የተቆጡት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው። ሽግግሩ የሕዝብ ገንዘብና ትዕግሥት የፈሰሰበት ነው፤ ትርፉ ሲመጣ ግን ትልቁን ጉርሻ የወሰደው በመጨረሻው ሰዓት የገባው ነው። መንግሥት 50.1 በመቶውን ይዞ መቅረቱ ግን በኋላ እንደምናየው በጀ።

ነዳጁስ የት ሄደ?

በ2017 ዶንግ የነዳጅና የጋዝ ማምረቻውን በሙሉ ለብሪታንያው ኢኒዮስ ሸጠ። ዋጋው 1.05 ቢሊዮን ዶላር፣ እንደ ሁኔታው ደግሞ እስከ 250 ሚሊዮን ተጨማሪ። በዚያው ዓመት ከሰልን እስከ 2023 እንተዋለን አለ። ዶንግ በዴንማርክኛ «የዴንማርክ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ» የሚለው አህጽሮት ነው፤ ነዳጅና ጋዝ ያሉበት ስም አያስኬድም ተብሎ ስሙ ኦርስቴድ ሆነ፤ በ1820 ኤሌክትሪክና ማግኔት ዝምድና እንዳላቸው ያረጋገጡትን የዴንማርክ ሳይንቲስት ሐንስ ክርስቲያን ኦርስቴድን ለማስታወስ።

ጋዜጦች አጨበጨቡ። ማጨብጨባቸውን አልቃወምም። ነገር ግን የኖርዌዩ ኦርመን ላንገ ጋዝ በማግስቱም ይፈስ ነበር። የዴንማርኩ ሲድ አርነ ነዳጅም እንዲሁ። ሠራተኞቹም ከነሥራቸው ወደ ኢኒዮስ ተሻገሩ። የተለወጠው የባለቤቱ ስም ነው። በዚያው ዓመት ሌላው ትልቅ የዴንማርክ የነዳጅ ድርጅት ሜርስክ ኦይል ለፈረንሳዩ ቶታል በ7.45 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። የእሱም ጉድጓድ አልተዘጋም።

ይህን የምለው ኦርስቴድን ለመውቀስ አይደለም። ከሽያጩ ያገኘውን ገንዘብ ነፋስ ላይ አውሏል። ግን የአንድን ኩባንያ የካርቦን ሒሳብ ዓይተን ከባቢ አየሩ ተገላገለ ብለን እንዳንሳሳት ነው። በርሜሉን የሚያስቀረው ሻጩ አይደለም። ገዢው ማጣቱ ነው፤ ወይም ሕግ ነው። ዴንማርክ በታኅሣሥ 2020 አዲስ የፍለጋ ፈቃድ መስጠት አቁማ እስከ 2050 ምርቱን ለማብቃት የወሰነችው ውሳኔ ከኢኒዮስ ሽያጭ የበለጠ ክብደት አለው።

ከሰሉም ቢሆን በአንዴ አልጠፋም። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ከከሰል ወደ እንጨት ተቀየሩ። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ታዳሽ ነው። የተቆረጠው ዛፍ ተመልሶ እስኪያድግ ስንት ዓመት ይፈጃል የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ የዴንማርክ መንግሥት ኦርስቴድን ሦስት አሮጌ የከሰልና የነዳጅ ማመንጫዎች እንዲያሠራ አዘዘው። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን የሩሲያው ጋዝፕሮም ለኦርስቴድ የሚልከውን ጋዝ አቆመ፤ ኦርስቴድ በሩብል አልከፍልም ስላለ። አዎ፣ ማምረቻውን ቢሸጥም የጋዝ ንግዱና ከ2006 የመጣው የሩሲያ ውል እጁ ላይ ነበሩ። የመጨረሻው የከሰል ጣቢያ፣ የኤስብየርጉ፣ የተዘጋው በነሐሴ 2024 ነው። ጭስ ማውጫው 250 ሜትር ይረዝማል። ያሞቃቸው የነበሩትን ቤቶች አሁን ከባሕር ውሃ ሙቀት የሚስብ ትልቅ የሙቀት ፓምፕና ሌሎች መሣሪያዎች ያሞቃሉ።

በጣም የገረመኝ ግን ኒኒ ነው። ኒኒ ዶንግ ይመራቸው ከነበሩትና ለኢኒዮስ ከሄዱት የዴንማርክ የነዳጅ ቦታዎች አንዱ ነው። በመጋቢት 2023 ከቤልጂየም በመርከብ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው ከባሕሩ ወለል በታች 1,800 ሜትር ገደማ ወደ አለቱ ተገፍቶ ገባ። ነዳጅ የወጣበት አለት ጋዙን መልሶ ይይዛል። አለቱን የሚያውቁት እነዚያው የነዳጅ ጂኦሎጂስቶች ናቸው። ራሱ ኦርስቴድም ከሁለት እንጨትና ገለባ አንዳጅ ጣቢያዎቹ በዓመት 430,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በኖርዌይ ባሕር ሥር ለማስቀመጥ ውል ገብቷል። የሚቀበለው ኖርዘርን ላይትስ የተባለው ድርጅት ነው። ባለቤቶቹ የኖርዌዩ ኢክዊኖር፣ ሼልና ቶታል ኢነርጂስ ናቸው።

ነፋሱ ሲከዳ

በጥር 2021 የኦርስቴድ አክሲዮን ጣራ ነካ። የኩባንያው ዋጋ ከ500 ቢሊዮን ክሮነር በላይ ሆነ፤ ከቢፒ ጋር የሚተካከል። በዚያው ወር ማድስ ኒፐር ሥራ አስፈፃሚነቱን ተረከቡ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።

ምክንያቱን ለመረዳት የነፋስ ጣቢያ ሒሳብን ማወቅ ይበቃል። ለነፋስ ነዳጅ አይገዛም። ወጪው ከሞላ ጎደል ሁሉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በብድር። የኤሌክትሪኩ ዋጋ ደግሞ ከዓመታት በፊት በውል ይታሰራል። ስለዚህ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ወለድና ብረት ከጨመሩ ማስተካከያ የለም። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ሊተከል የታቀደው የኦርስቴድ ጣቢያ ኦሽን ዊንድ 1 በ2019 ጨረታውን ሲያሸንፍ ወለድ ዝቅተኛ ነበር። መሣሪያ የሚገዛበት ጊዜ ሲደርስ ወለዱ አሻቅቧል፣ ዕቃው ተወዷል፣ መርከቡ ዘግይቷል። በጥቅምት 2023 መጨረሻ ኦርስቴድ ኦሽን ዊንድ 1ን እና 2ን ሰረዘ። በ9 ወር ውስጥ ከንብረቱ ዋጋ ላይ የሰረዘው 28.4 ቢሊዮን ክሮነር ደረሰ። በ2024 የትርፍ ክፍፍል ተቋረጠ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ፣ ከኖርዌይ፣ ከስፔንና ከፖርቹጋል ወጣ። በ2025 መጀመሪያ ኒፐር ሄዱ፤ ራስሙስ ኤርቦ መጡ።

ከዚያ የአሜሪካ ፖለቲካ ተጨመረበት። በነሐሴ 2025 ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ሸጦ 60 ቢሊዮን ክሮነር መሰብሰብ እንደሚፈልግ ሲናገር የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ 30 በመቶ ወረደ። ከ11 ቀን በኋላ የትራምፕ አስተዳደር በሮድ አይላንድ አቅራቢያ የሚሠራው ሬቮሉሽን ዊንድ የተባለ የኦርስቴድ የነፋስ ጣቢያ እንዲቆም አዘዘ። ሥራው 80 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከ65 ተርባይን 45ቱ ቆመዋል። ፍርድ ቤት ዕግዱን ያነሳው ከወር በኋላ ነው።

የነዳጅ ኩባንያዎች ይህን ሲያዩ «አላልናችሁም?» አሉ። ቢፒ በ2020 የነዳጅና ጋዝ ምርቱን በ10 ዓመት በ40 በመቶ እቀንሳለሁ ብሎ ነበር። በ2023 ወደ 25 በመቶ አወረደው። በየካቲት 2025 ጭራሽ ትቶት በነዳጅና ጋዝ ላይ በዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል አውላለሁ አለ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው በ2022 የነዳጅና የጋዝ ኢንዱስትሪው በንጹሕ ኃይል ላይ ያዋለው 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከካፒታል ወጪው 2.5 በመቶ ብቻ።

እኔ ግን የኦርስቴድ መከራ የቢፒን ውሳኔ ትክክል ያደርገዋል ብዬ አላምንም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ባለቤቱ ነው። ቢፒ ሲንገዳገድ አክቲቪስት የሚባሉት ባለሀብቶች ድርሻ ገዝተው ወደ ነዳጅ ተመለስ አሉት። ኦርስቴድ ሲንገዳገድ ግማሹን የያዘው የዴንማርክ መንግሥት የድርሻውን ያህል አዋጣ። የገረመኝ ሌላም ሰው አዋጣ፤ በ2024 ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ የገዛው ኢክዊኖር። ኢክዊኖር 67 በመቶው የኖርዌይ መንግሥት የሆነ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያ ነው። በሰሜን ባሕር ጋዝ ያገኘውን ገንዘብ የሰሜን ባሕር ነፋስ ላይ አዋለ። ዶንግ ራሱ ከ10 ዓመት በፊት ያደርግ እንደነበረው።

የአክሲዮን ሽያጩ ተሳካ። በጥቅምት 2025 ኦርስቴድ ወደ 2,000 የሚሆን ሠራተኛ እስከ 2027 ማብቂያ እንደሚቀንስና ፊቱን ወደ አውሮፓ የባሕር ነፋስ እንደሚያዞር አስታወቀ። ሆርንሲ 4ን በዚያው ዓመት ግንቦት ትቶታል። 2.9 ጊጋ ዋት ይኖረዋል የተባለው ሆርንሲ 3 ግን በግንባታ ላይ ነው።